ደሴ መውጫ ላይ ያለው ማደያ፦ ቆጣሪው ሸጋ፣ ማታው ግን ያረቢ

ነዳጅ ማደያን እንደ ምግብ ቤት በዋጋ ማወዳደር አይቻልም፣ እሱን መጀመሪያ እንግባባ። ዋጋውን የሚያወጣው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው፣ ደሴ ያለ ማደያ በሙሉ ቦርዱ ላይ የሚሰቅለው ያንኑ ነው፣ ከአዲስ አበባው ትንሽ ከፍ የሚለውም የማጓጓዣው ስለሚደመርበት ነው። የማደያው ትርፍም በሊትር ስንት እንደሆነ ተወስኖ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አንድን ማደያ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የምንለው በሌላ ነገር ነው፣ ቤንዚን አለ ወይ፣ ቆጣሪው ልክ ነው ወይ፣ ሰልፉን የሚመራ ሰው አለ ወይ፣ ደግሞ ሲመሽ ያ ሁሉ ቤንዚን የት ይገባል።

የማወራው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ስላለው ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ የሚነዳ ሰው በሙሉ ያውቀዋል። እኔ ቤቴ ደሴ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ የምነዳው ያቺን የድሮ ቶዮታ ዲኤክስ ነው፣ ኮድ 2፣ የግል የቤት መኪና ማለት ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አጭር ይመስላል ግን ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ምናምን ላይ፣ ስለዚህ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ትወርዳለህ፣ ማታ ያንኑ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትክ ትወጣለህ፣ ቤንዚኑን የሚጨርሰው እሱ ነው። ፊት ለፊትህ የተጫነ ሲኖትራክ ካለማ በአንደኛ ነው፣ ጌጁ አይንህ እያየ ይወርዳል።

እና ዋጋው። ታርጌትድ ድጎማ የሚባለው፣ ለተመረጡ ተሽከርካሪዎች ብቻ የሚሰጠው፣ 2014 ሐምሌ ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፣ ያኔ አበቃልን ብለን መኪና ልናቆም ነበር። 2017 መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሆነ፣ በዛው ዓመት የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ገባ፣ ሶስት አሃዝ ማለት ነው፣ ከዛም ወዲህ አልቆመም። ምክንያቱ አይጠፋንም። ነዳጁ በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ ነው የሚገባው፣ 2016 ሐምሌ ላይ የምንዛሪው ተመን በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፣ ድጎማውም ቀስ በቀስ እየተነሳ ነው። እኛ ጋ ከጎረቤት ሀገር ረክሶ ስለሚሸጥ በድንበር ይወጣ ነበር የሚለውም ውሸት አይደለም። ይሄን ሁሉ እኔ ተረድቻለሁ፣ ደሞዜ ግን አልተረዳውም።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ፣ ቦርዱ ላይ በተሰቀለው ዋጋ ቢገኝማ እያማረርንም ቢሆን እንቀዳ ነበር። ሰው አንጀቱ እርር የሚለው የጨመረውን ዋጋ እሺ ብሎ ተቀብሎ፣ ብሩን ቴሌብር ላይ ሞልቶ፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ከዛ "ቤንዚን አልቋል፣ ናፍጣ ብቻ ነው" ሲባል ነው። ጭማሪ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ የተሰማ ቀን ደግሞ በቃ ማደያው ጭር ይላል፣ ገመድ ይወጠርበታል፣ ዋጋው ታውጆ በነጋታው ቤንዚኑ ከመሬት ፈልቆ ያድራል። ማን እንደደበቀው አላውቅም አልልም ግን አላየሁምና ልለፈው።

ወደ ማደያው። ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም ምክንያቱም አለው። ቆጣሪው ልክ ነው፣ ወላሂ ልክ ነው። ይቺን መኪና ስንት ዘመን ነዳኋት፣ 20 ሊትር ሲገባባት መርፌው የት ጋ እንደሚቆም ጠንቅቄ አውቃለሁ፣ ሌላ ቦታ ቀድቼ መርፌው ገና ከመሃል ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ አለ፣ እዚህ ግን እንደዛ ሆኖብኝ አያውቅም። በተለይ ጠዋት የምትገባዋ ቀጂ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስረው፣ የመቅጃውን አፍንጫ ታንከሩ ውስጥ ሳትከት በፊት "ጋሼ ዜሮ ነው፣ ይዩት" ትላለች፣ ሳላይ አትጀምርም፣ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ከሆነ መስኮቱን በጣቷ ቆርቆር ታደርጋለች። ስትጨርስም አፍንጫውን ሁለቴ መታ መታ አርጋ ጠብታዋን ሳታስቀር ነው የምታወጣው። ሸጋ ልጅ ናት፣ አላህ ይጨምርላት። የማታዎቹ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው፣ እመጣበታለሁ።

ክፍያው ያው እንደምታውቁት 2015 ላይ በጥሬ ብር ቀርቶ በቴሌብር ምናምን ሆኗል። ሃሳቡን አልጠላሁትም። ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ፈጣን ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ኮከብ 127 መሰላል እያልክ ትደውላለህ፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ትደውላለህ፣ ከኋላህ ያለው ባጃጅ ጡሩንባ ይነፋል፣ ብሩ ካንተ ወጥቷል እነሱ ጋ ግን ሜሴጅ አልገባም። እዚህ ማደያ በዚህ በኩል ጨዋ ናቸው። ያቺው ልጅ የቅንጥብጣቢ ደብተር አላት፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ከስልክህ ላይ አይታ በእስክሪብቶ ትገለብጣለች፣ ታርጋህን ከጎኑ ትፅፋለች፣ "ሂዱ ጋሼ ሲገባ አየዋለሁ" ትልሃለች። ሌላ ቦታ ሜሴጁ እስኪገባ ቁልፍህን የሚቀበሉ አሉ።

ሰልፉ ግን ሰልፍ አይባልም። ባጃጅ በግራ፣ ሚኒባስ በመሃል፣ እኛ የቤት መኪና ደግሞ አስፋልቱን ይዘን እስከ ኩርባው ድረስ፣ አይሱዙው ናፍጣ ፈልጎ መሃላችን ይገባል፣ ተራ አስከባሪ የሚባለው ልጅ አንዴ አለ አንዴ የለም። ኮድ 2 መሆንህ ራሱ ወንጀል ነው የሚመስለው፣ "አንተ ለመዝናናት ነው የምትነዳው" ያለኝ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሐረጎን ለመዝናናት! ግን እውነት ለመናገር ለባጃጆቹ አዝናለሁ፣ ልጆቹ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ማስገባት አለባቸው፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈው የሚቀዷትን ቀድተው የቀረውን ግማሽ ቀን ሰርተው ገቢውን ሞልተው ምን ይተርፋቸዋል፣ ታሪፍ ጨመሩ ብለን ከነሱ ጋር ስንጨቃጨቅ እናመሻለን።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር ሰልፉ ዳር ጀበና ይዘው የሚቀመጡት እናት ናቸው፣ ማደያው አያባርራቸውም፣ ከመንገዱ ራቅ ብለው ነው የሚያፈሉት፣ እሳታቸውም ከቤንዚኑ ሩቅ ነው። የደሴ ጠዋት ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ቀን ቦቴ እንደሚገባ ተወርቶ ሁላችንም እዛው ቆመን "እማማ ዛሬ ይመጣል ይሆን?" ስላቸው "አብሽር ልጄ፣ ባቲን አልፏል አሉ፣ በል አቦሉን ጠጣ" አሉኝ። ሶስተኛውንም ጠጣሁ፣ ቦቴው አልመጣም። ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ አርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ከስራችን ነው፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለን ነው እኮ የምንጠማው።

አሁን ማታው። ከመሸ በኋላ ማደያው ተዘግቷል ተብሎ መብራቱ ይጠፋል፣ ግን ሞተር ሳይክሎች በጓሮ በኩል ይገባሉ፣ ጄሪካን በጆንያ ጠቅልለው ይወጣሉ። በአይኔ ያየሁት ነው። 2017 ላይ የፀደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጭ መሸጥን ወንጀል አድርጎታል፣ እስር አለበት፣ ግን ጠዋት ስትወጣ መንገድ ዳር ቤንዚን የተሞላበት ሃይላንድ፣ የውሃ ፕላስቲኩ፣ ተደርድሮ ታየዋለህ፣ ሊትሩ ከቦርዱ እጥፍ ገደማ፣ ሰልፍ የለ፣ ቴሌብር የለ። ማለት ቦርዱ ላይ ያለው ዋጋ ለወጉ ነው፣ የደሴ ትክክለኛ የቤንዚን ዋጋ ሃይላንዱ ነው። ባለፈው ጎረቤቴ ባጃጁ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ቆመበት፣ መካኒኩ ካንዴላውን ፈቶ አወጣና አሳየን፣ ጫፉ በጥላሸት ጥቁር ብሏል፣ ከታንከሩ ትንሽ መዳፉ ላይ ጠብ አርጎ አሸተተውና "ላምባ ነው ያጠጣኸው" አለው። መዳፉ ላይ ያለው ቤንዚን ቢሆን ወዲያው ነበር የሚተነው፣ እሱ ግን ቅባት ሆኖ ቀረ። ካርቡሬተር ማጠቢያ፣ አዲስ ካንዴላ፣ የሁለት ቀን ሥራ መፍታት፣ ሃይላንዱ ስንት ወጣ እንግዲህ አስሉት።

ዋጋን ካነሳሁ አይቀር የግብሩንም ነገር ልበል፣ በየሊትሩ ውስጥ ለመንገድ ፈንድ የሚቆረጥ አለ፣ ከ1989 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ማለት ሐረጎ ላይ ጉድጓድ ስትስት ለጉድጓዱ ከፍለህ ነው የምትስተው። ከዛ በዓመቱ ቦሎ አለ፣ ቦሎ ለመለጠፍ ምርመራ፣ ለምርመራው የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ሁሉም በየራሱ ወረፋ። መኪናዋን ሸጬ የተሻለች ቤንዚን ቆጣቢ ልግዛ እንዳልል 2012 ላይ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ የጫነው ቀረጥ ሰማይ ነው፣ 2016 ላይ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ከነአካቴው አይገባም ተባለ። ኤሌክትሪክ ግዛ ይሉኛል ሥራ ቦታ። ብሩ ከየት እንደሚመጣ ትተነው፣ የኛ ሰፈር መብራት ስልክ ቻርጅ አድርጎ ሳይጨርስ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከዲኤክሷ ጋር ተያይዘን እናረጃለን።

መኪና ለሌለውም አይቀርለትም ደግሞ። ከቆቦ የሚመጣው ሽንኩርት በአይሱዙ ነው የሚመጣው፣ ናፍጣ በጨመረ ሳምንት ገበያው ላይ ታየዋለህ፣ ናፍጣ ቢቀንስ ግን ሽንኩርቱ ወዲያው የሚቀንስ እንዳይመስልህ።

ቀሪው ትንሽ ነው። ሽንት ቤቱ ሁሌ ቁልፍ ነው፣ ቁልፉ ያለው ሰው ሁሌ ምሳ ወጥቷል። የጎማ ነፋስ መሙያው ጌጁ ተሰብሯል፣ በግምት ነው የሚሞሉት። ከሁለቱ ፓምፕ አንዱ "ብልሽት" የሚል ካርቶን ከተለጠፈበት ቆየ፣ ካርቶኑ ራሱ ዝናብ በልቶት በአዲስ ካርቶን ተተክቷል፣ ፓምፑ ግን ያው ነው።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለቆጣሪውና ለጠዋቷ ልጅ አምስት፣ ለሰልፉ አንድ፣ ለማታው ምንም። እኔ መቅዳቱን አላቆምም፣ ልክ ቆጣሪ ያለው ሌላ ቦታ ስላላገኘሁ። ኮድ 2 ከሆናችሁ ቦቴ የገባ ለታ ሳይነጋ ውረዱ፣ ቴሌብራችሁን ማታ ሙሉና እደሩ፣ ጋቢ ያዙ፣ ለቡናው ደግሞ ዝርዝር ብር ያዙ፣ እማማ ቴሌብር አይቀበሉም።