የሳንገር ክሮማቶግራም ሶፍትዌሮች ንጽጽር፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይታደስ፣ የትኛው በነጻው ይበቃል?

በሳንገር ዘዴ ዲኤንኤ የሚያስነብብ ላቦራቶሪ ሶፍትዌሩን ለማሻሻል ወይም አዲስ ለመግዛት ሲነሳ፣ ከዋጋውም ሆነ ከመልኩ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ይኸውም የቀረበለት ማሻሻያ የሚነካው ቤዝ የሚጠራውን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ቦታ ያለውን የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ሲ፣ ጂ ወይም ቲ) የሚወስነውን ክፍል (ቤዝ ኮለሩን) ነው ወይስ የተጠራውን ቤዝ የሚያሳየውንና ለማረም የሚያገለግለውን ብቻ የሚለው ነው። ሁለቱ በአብዛኛው በአንድ ጥቅል ይሸጣሉ፣ በአንድ ማስታወቂያም ይወደሳሉ፤ የሚያስከትሉት ነገር ግን ለየቅል ነው። ማሳያው ሲታደስ ሥራ ይቀላል፤ ቤዝ ኮለሩ ሲታደስ ውጤቱ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት «ሲ» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ነገ ከዚያው ፋይል የሲና የቲ ድብልቅ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያ ቦታ መድኃኒት መላመድን የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ እስከ ታካሚው ሕክምና ይደርሳል። ከዚህ በታች ያሉትን ሶፍትዌሮች ያነጻጸርኩት በዋናነት በዚህ መለኪያ ነው።

ከአፕላይድ ባዮሲስተምስ ኩባንያ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽኖች የሚወጣው ኤቢ1 ፋይል ሲከፈት ከሚታየው በላይ ብዙ ነገር ይዟል። የአራቱ ቀለሞች ጥሬ ሲግናል፣ ከእሱ የተጣራው ክሮማቶግራም (እያንዳንዱን ፊደል በባለቀለም ጉብታ፣ ማለትም በፒክ የሚያሳየው ግራፍ)፣ ቤዝ ኮለሩ የጠራቸው ፊደላት፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው የጥራት ቁጥርና የቤዝ ኮለሩ ስሪት ጭምር በውስጡ ይቀመጣሉ። የፊደላቱ ተርታም በሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ማሽኑ የጠራው፣ ሌላው ሰው ያረመው። ጥሬው ሲግናል እስካለ ድረስ ከዓመታት በፊት የተነበበ ናሙና በአዲስ ቤዝ ኮለር እንደገና ሊጠራ፣ የድሮውና የአዲሱ ጥሪም ጎን ለጎን ሊመዘን ይችላል። ናሙናቸውን ውጭ አገር ልከው የፊደል ጽሑፍ ብቻ የሚቀበሉ ተመራማሪዎች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ስለዚህ ምንም ሶፍትዌር ከመግዛታቸው በፊት ኤቢ1 ፋይሉ አብሮ እንዲላክላቸው መጠየቅ ይገባቸዋል።

ቤዝ ኮለሮቹ

ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የጥራት መለኪያ የመጣው ፍሬድ ከተባለው ቤዝ ኮለር ነው። ብሬንት ኢዊንግና ፊል ግሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ መሠረት ኪው በሚባለው የጥራት ቁጥር 20 ማለት ፊደሉ ስህተት የመሆን ዕድሉ ከመቶ አንድ፣ ኪው 30 ማለት ከሺህ አንድ፣ ኪው 40 ማለት ከአሥር ሺህ አንድ ነው። ፍሬድ የሚነሳው ከተጣራው ክሮማቶግራም ሲሆን ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ፊደል ይሰጣል። ማሽኖችንና ኬሚስትሪዎችን (የማቅለሚያ ዓይነቶችን) የሚዘረዝር የራሱ ፋይል ስላለው፣ እዚያ ውስጥ ያልተመዘገበ ማሽን የሠራው ፋይል ሲገባለት ኬሚስትሪው አይታወቅም ብሎ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ተጠቃሚው የጎደለውን መስመር በእጁ መጨመር ይኖርበታል። በአዳዲስ ማሽኖች የሚሠራ ላቦራቶሪ ፍሬድን ያካተተ ሶፍትዌር ሲገዛ ይህ ፋይል መታደሱን መጠየቁ ተገቢ ነው።

ኬቢ ቤዝ ኮለር የአፕላይድ ባዮሲስተምስ ሲሆን ከማሽኑ ጋርና በሲኩዌንሲንግ አናሊሲስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገኛል። ከሌሎቹ የሚለይበት ትልቁ ብልጫው ከጥሬው ሲግናል ተነስቶ እንደገና ማቀናበር መቻሉ ነው። ለምሳሌ ማሽኑ ላይ የተመረጠው የሞቢሊቲ ፋይል (የአራቱን ቀለሞች የፍጥነት ልዩነት የሚያስተካክለው) ናሙናው ከተሠራበት የቢግዳይ ማቅለሚያ ስሪት ጋር ካልተስማማ ፒኮቹ ቦታቸውን ይስታሉ፣ ይደራረባሉም። እንዲህ ያለውን ፋይል ከተጣራው ሲግናል በሚነሳ ሶፍትዌር ማዳን አይቻልም፤ በኬቢ ግን ትክክለኛውን የሞቢሊቲ ፋይል መርጦ እንደገና ማስጠራት ይቻላል። የራሱ ማሽን ያለው ላቦራቶሪ ሌላ ምንም ቢገዛ ይህን ሶፍትዌር መተው የለበትም፤ ማሽኑ የሌለው ግን እምብዛም አያስፈልገውም።

ትሬሲ ከሦስቱ አዲሱ ነው። በጀርመን ሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት ለለመደ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል፤ ለማይለምደው ደግሞ በድረ ገጽ የሚሠሩ ቅርንጫፎች አሉት። ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ስልክ የሚያነሳ የሽያጭ ሠራተኛም የለውም።

በቅርብ ለማየት አንድ ቦታ እንውሰድ። በአንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ የሲ ፒክ ቆሟል፤ በሥሩ ቁመቱ የሲውን 30 በመቶ የሚያህል ቀይ የቲ ፒክ አለ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ቦታዎች ንጹህ ናቸው። የሁለተኛው ፒክ መነሻ (ከዚያ በታች የሆነ ፒክ የማይቆጠርበት ልክ) 25 በመቶ ላይ የተደረገበት ሶፍትዌር ይህን ቦታ የሲና የቲ ድብልቅ አድርጎ በ«ዋይ» ይጽፈዋል። ምጥጥኑ 0.33 ላይ የተቀመጠበት ሌላ ሶፍትዌር ያንኑ ቦታ «ሲ» ብቻ ይለዋል። ሁለቱም በተሰጣቸው መመሪያ መሠረት አልተሳሳቱም። አሳሳቢው ነገር አንድ ማሻሻያ ይህን ቁጥር ለተጠቃሚው ሳያሳውቅ ሲቀይር ወይም አዲስ ሲጫን ወደ ፋብሪካው ቁጥር ሲመልሰው ነው፤ ፒኩ ያው ነው፣ ዘገባው ግን ተለውጧል። በዚህ የተነሳ መነሻው በግልጽ የሚታይበትና ከውጤቱ ጋር አብሮ የሚታተምበት ሶፍትዌር ከማይታይበት ይልቅ ሁልጊዜ ተመራጭ ነው።

የዴስክቶፕ ሶፍትዌሮች

ሲኩዌንቸር የሚሺጋኑ ጂን ኮድስ ኩባንያ ሥራ ነው። ዓይናቸውን ክሮማቶግራሙ ላይ አሳርፈው እያንዳንዱን ቦታ በእጃቸው ማረም ለሚወዱ ሰዎች እስካሁን የሚወዳደረው አላየሁም። ያረሙትን ሁሉ ወደ ማሽኑ የመጀመሪያ ጥሪ መመለስ ይቻላል፤ ሁለተኛ ፒኮችንም ተጠቃሚው ራሱ በሚሰጠው መቶኛ ይጠራል። (ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በኒውዮርክ የንግድ ማዕከል የሞቱትን ሰዎች ማንነት ለመለየት የዋለውን ሶፍትዌርም የሠራ ነው።) ጉድለቱ ከማሽኑ ጥሪ ተነስቶ የሚሠራ እንጂ ከሥሩ እንደገና የሚጠራ አለመሆኑ ነው።

ኮዶንኮድ አላይነር ግን ፍሬድን በውስጡ ስለያዘ ቤዝ እንደገና ይጠራል፤ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። የማሽኑን ጥሪ በሌላ ቤዝ ኮለር ማረጋገጥ ለሚፈልግ አነስተኛ ላቦራቶሪ ከሚከፈልባቸው ሁሉ በቅድሚያ እንዲሞከር የምመክረው እሱን ነው። ትምህርቱም አይከብድም፤ አዲስ ተማሪ ጫፍ መቁረጥን፣ የፊትና የኋላ ንባብን ማገናኘትንና ሚውቴሽን መፈለግን ቶሎ ይለምዳል።

ጀኒየስ ፕራይም የተፈጠረው በኒውዚላንድ ኦክላንድ ነው። ዛፍ መሥራት፣ ፕራይመር መንደፍ፣ ክሎኒንግ ማቀድ፣ የአዲሱ ትውልድ ሲኩዌንሲንግ ንባቦችን መደርደር ሁሉም በውስጡ አለ፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ብዙ ዓይነት ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ገንዘቡ አይቆጭም። ክሮማቶግራም ብቻ ለሚያይ ሰው ግን አብዛኛው ክፍሉ ሳይነካ ይቀመጣል፣ የኮምፒውተሩንም ሜሞሪ ይበላል። በክሮማቶግራም ረገድ የሚታመነው በማሽኑ የጥራት ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ማሻሻያው ሲመጣ በአብዛኛው የሚነካው ማሳያውንና መሣሪያዎቹን እንጂ ጥሪውን አይደለም። በዚህ መለኪያ ማሻሻሉ ብዙ አያሰጋም።

ሚውቴሽን ሰርቬየር መንገዱ የተለየ ነው። የፔንስልቬኒያው ሶፍትጀኔቲክስ የሠራው ይህ ሶፍትዌር የናሙናውን ክሮማቶግራም ከማጣቀሻ ክሮማቶግራም ጋር ያስተያያል፤ ፊደልን ከፊደል ብቻ ሳይሆን የፒክን ቁመትና ቅርጽ ከሌላው ፒክ ጋር ያመዛዝናል። በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ብቻ ያለ ለውጥ የተለመደውን ፒክ ዝቅ አድርጎ አዲስ ፒክ ስለሚያመጣ፣ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ ማየቱ ከጀርባ ጫጫታ ለመለየት በእጅጉ ይረዳል። በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን ለሚመረምር ክሊኒካል ላቦራቶሪ ከሁሉም የሚሻል ነው፤ የዝርያ መለያ ባርኮድ ለሚሠራ የእፅዋት ወይም የነፍሳት ተመራማሪ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው።

እነዚህን ሶፍትዌሮች በቁርጥ የሚለየው ፈተና በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ያለ ጉድለት ወይም ጭማሪ ነው። ክሮማቶግራሙ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ንጹህ ሆኖ ይመጣና ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድርብርብ ይሆናል፤ ሁለቱ ቅጂዎች በጥቂት ፊደል ስለተዛነፉ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ናሙናው ተበክሏል ብሎ ይጥለዋል፤ በጥራት ቁጥር ብቻ የሚቆርጥ ሶፍትዌርም ያንን ሁሉ ይቆርጠዋል፣ ከሱ ጋርም የበሽታውን ምክንያት። ሚውቴሽን ሰርቬየር፣ ኮዶንኮድ አላይነርና ትሬሲ ሁለቱን ቅጂዎች ለይተው የጉድለቱን ርዝመት ለመናገር የሚያስችል ክፍል አላቸው። ሻጭ ሶፍትዌሩን ሊያሳይ ሲመጣ የራሱን ያማረ ምሳሌ እንዳይከፍት፤ ከራሳችሁ መደርደሪያ እንዲህ ያለ ፋይል አውጥታችሁ ስጡት።

በነጻ የሚገኙት

ክሮማስ ለዊንዶውስ፣ ፎር ፒክስ ለማክ፣ ስናፕጂን ቪወር ለሁለቱም ፋይሉን ከፍቶ ለማየት ይበቃሉ። ዩጂን ኮዱ ክፍት ሆኖ ንባብን ከማጣቀሻ ጋር ይደረድራል። በብዙ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ አሁንም የሚገኘው ባዮኤዲት ግን ባለቤቱ ማደሱን ያቆመው ሶፍትዌር ስለሆነ አዲስ ሥራ በእሱ ላይ መጀመርን አልደግፍም። ለኤችአይቪ መድኃኒት መላመድ ምርመራ በካናዳ ቫንኩቨር የተሠራው ሪኮል የድብልቅ ቦታዎችን አጠራር ከሰው ዓይን ነጻ አድርጎ ወጥ ያደርጋል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ ሌላ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

ማሻሻል፣ ክፍያና ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ

ማሻሻልን አስገዳጅ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ካታሊና ላይ ባለ32 ቢት ሶፍትዌሮች መሥራት አቆሙ፤ ኮምፒውተሩን በቅን ልቦና ያደሰ ሁሉ ለዓመታት የተጠቀመበት ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ አልከፈት አለው። በመሆኑም የትንተናው ኮምፒውተር ከጽሕፈት ሥራው ተለይቶ፣ ያለ ላቦራቶሪው ውሳኔ ራሱን እንዳያድስ ተደርጎ ቢቀመጥ ይበጃል።

ጀኒየስ ፕራይም በዓመታዊ ክፍያ የሚሠራ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ በኢትዮጵያ ለሚገኝ ተቋም በዶላር የሚታደስ ዓመታዊ ክፍያ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ የተያዘለትን ገንዘብ በቀላሉ ይበልጣል። ለዘለቄታ የሚገዛ ላይሰንስ መጀመሪያ ላይ ውድ ቢመስልም ግዢው አንድ ጊዜ ስለሚያልቅ ብዙ ችግር ያስቀራል። የዓመቱ ክፍያ ሲቋረጥ የተሠሩት ፋይሎች ይከፈታሉ ወይ፣ ላይሰንሱ ያለ ኢንተርኔት ይነቃል ወይ የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ሊያገኙ ይገባል፤ ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ላይሰንሱን ማረጋገጥ አቅቶት የሚቆም ሶፍትዌር የታካሚ ውጤት ያዘገያል።

ደመና ላይ የሚሠሩት ለጋራ ሥራ ምቹ ናቸው። የታካሚ ናሙና ከሆነ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መታየት አለበት፤ የሰው ስም ያለበትን የፋይል ስም ሳይቀይሩ ወደ ውጭ ሰርቨር መጫን ፈጽሞ አይገባም። የናሙናው ስም በኤቢ1 ፋይሉ ውስጥም ስለሚጻፍ የውጩን ስም መቀየር ብቻ በቂ አይደለም።

ከሳንገር ሌላ በሆነው የናኖፖር ንባብ ዘዴ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ጉዳይ ከዚህ የጠነከረ ነው። እዚያ ቤዝ ኮለሩ ከጉፒ ወደ ዶራዶ ተሸጋግሯል፤ ፈጣን፣ ከፍተኛ ትክክለኛነትና እጅግ ከፍተኛ ትክክለኛነት ከሚባሉት ሞዴሎች መካከል የትኛው እንደተመረጠ ውጤቱን በግልጽ ይቀይራል። ጥሬውን ሲግናል የያዘውን ፖድ5 ፋይል ቦታ ያዘብኝ ብሎ የሚያጠፋ ሰው ወደፊት በተሻለ ሞዴል የመጥራት ዕድሉን አብሮ ያጠፋል።

ለማን የትኛው

የራሱ ማሽን ያለውና የሰው ናሙና የሚመረምር ላቦራቶሪ ኬቢን ይዞ ሚውቴሽን ሰርቬየርን ቢገዛ ጥሩ ነው። ፋይል ከውጭ የሚላክለትና በዓመት የተወሰኑ ጂኖችን የሚያስነብብ የዩኒቨርሲቲ ክፍል በኮዶንኮድ አላይነር ይበቃዋል። በጀት የሌለው፣ ግን ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ባልደረባ ያለው ክፍል ትሬሲንና ዩጂንን አጣምሮ ያለ ክፍያ የተሟላ ሥራ መሥራት ይችላል። ሲኩዌንቸርን የለመደ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሩ እስከተሸከመው ድረስ ለመቀየር የሚያጣድፈው ነገር የለም። ከእነዚህ ማንኛውንም የመረጠ ሰው የሙከራ ጊዜውን ውጤታቸው በሌላ መንገድ የተረጋገጠ የቆዩ ፋይሎችን በአሮጌውም በአዲሱም ስሪት አስጠርቶ፣ የተለያዩትን ቦታዎች አንድ በአንድ ክሮማቶግራሙ ላይ ለማየት ያውለው፤ ግዢው የሚፈረመውም ከዚያ በኋላ ይሁን።