«7 ሊትር» ተብሎ የሚሸጠውን የቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ምክንያት ሐኪም በቤቱ ኦክስጅን እንዲወስድ ያዘዘለት ሰው በቤታችሁ ካለ፣ በተለይም እንደ እኛ ከመሐል ከተማ ርቃችሁ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ የምትኖሩ ከሆነ፣ ማሽኑን በቴሌግራም አይታችሁና በስልክ ተዋውላችሁ ቤት ድረስ እንዲመጣላችሁ ማድረጋችሁ አይቀርም። በዚህ መንገድ ከሚሸጡት መካከል ፊቱ ላይ በትልቁ «ከ1 እስከ 7 ሊትር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ነጭ ማሽን አለ። ይህ ማሽን ለሳንባ ሕመምተኛ የሚሆን አይደለም። ገንዘቡ ያስቆጫል፤ ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ቤተሰቡ ሕመምተኛው ኦክስጅን እያገኘ ነው ብሎ መዘናጋቱ ነው።

የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን፣ 78 በመቶ ያህሉ ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ኦክስጅን ከሌላ ቦታ አያመጣም፤ የክፍሉን አየር በኮምፕሬሰር ስቦ፣ ዚኦላይት በሚባል ማዕድን በተሞሉ ማጣሪያዎች ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀርና ኦክስጅኑ ወደ ቱቦው ያልፋል። ለሕክምና ተብሎ የተሠራ ደህና ማሽን በተፈቀደለት ፍሰት ሁሉ ከ90 እስከ 96 በመቶ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርትም ከ82 በመቶ በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። እንግዲህ አንድን ማሽን ለመመዘን ሁለት ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው፤ አንደኛው በደቂቃ ስንት ሊትር ይወጣል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሚወጣው ውስጥ ስንት በመቶው ኦክስጅን ነው የሚለው ነው። ነጋዴው የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ለእናታችን የገዛነው ማሽን መመሪያ በመጨረሻው ገጹ ላይ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ደቃቅ ፊደል፣ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አለው። በ1 ሊትር ፍሰት 93 በመቶ፣ በ7 ሊትር ፍሰት ደግሞ 30 በመቶ ይላል። ይህን ስሌት ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራው ይችላል፦ ከመቶኛው የተራውን አየር 21 ቀንሳችሁ በሊትሩ ስታባዙት፣ በ1 ሊትር ላይ ማሽኑ ከተራው አየር በላይ የሚጨምረው ኦክስጅን በደቂቃ 0.72 ሊትር ነው፤ በ7 ሊትር ላይ ደግሞ 0.63 ሊትር። ማዞሪያው ከ1 ወደ 7 ሲዞር የሚጨምረው የክፍሉ አየር እንጂ ኦክስጅን አይደለም ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ወተት ላይ ስድስት ሊትር ውኃ ጨምሮ «ሰባት ሊትር ወተት» ብሎ እንደመሸጥ ነው። ያ 30 በመቶ ደግሞ በአፍንጫ ቱቦ ሲገባ ሕመምተኛው በዙሪያው ከሚስበው አየር ጋር እንደገና ስለሚደባለቅ፣ ሳንባ የሚደርሰው መስኮት ከፍቶ ከመተንፈስ እምብዛም አይለይም።

ሐኪሙ ለእናታችን ያዘዘላት በደቂቃ 2 ሊትር ሲሆን፣ በቀን ቢያንስ ለ15 ሰዓት እንድትወስድ ነው። ማሽኑን ያመጣው ወጣት ሳሎን ውስጥ ተክሎ፣ በጣት የሚሰካ ኦክሲሜትር አድርጎላት፣ ቁጥሩ ከ84 ወደ 87 ሲወጣ «ይኸው፣ እየሠራ ነው» ብሎን ሄደ። ይሁንና እናታችን ደጅ ቆይታ ገና መቀመጧ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ትንሽ ሲያርፍ ያለ ምንም ማሽን እንኳ ቁጥሩ በዚያ መጠን ከፍ ይላል። ኦክሲሜትር የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን እንጂ ከማሽኑ የሚወጣውን አይደለም። ከማሽኑ የሚወጣውን የሚለካው ኦክስጅን አናላይዘር የሚባል ሌላ መሣሪያ ሲሆን፣ የሕክምና መሣሪያ የሚጠግኑ የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ይይዙታል። አንድ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ ቱቦውን ከመለኪያው ጋር ሲያገናኘው፣ በታዘዘላት 2 ሊትር ላይ 48 በመቶ አነበበ።

ሻጩ ሲደወልለት የሰጠው መልስ «ወንድሜ፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ የደበቅነው ነገር የለም» የሚል ነበር። በእርግጥ ተጽፏል፤ ካርቶኑ የሚከፈተው ግን ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ካርቶኑ ሳይከፈት እንኳ የሚያጋልጡት ምልክቶች አሉ። እውነተኛ 5 ሊትር የሚሰጥ የቤት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ300 ዋት በላይም ይፈልጋል። የእኛው ስድስት ኪሎ የማይሞላ ሲሆን፣ በስተጀርባው የተለጠፈው ወረቀት 120 ዋት ይላል፤ በዚህ ጉልበት 7 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን ማውጣት አይታሰብም። ሌላው የኦክስጅኑ ንጽሕና ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ መብራትና ድምፅ መኖሩ ነው፤ ርካሾቹ ይህ ስለሌላቸው ማጣሪያቸው አርጅቶ ተራ አየር ሲነፉ እንኳ እንደ ደህና ማሽን ያጉረመርማሉ። ከፍታውንም ጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ወደ እንጦጦና ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል፤ አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ኮምፕሬሰሩ የሚስበው ያንሳል። በደህናዎቹ ማሽኖች ላይ እንኳ የሥራ ወሰናቸው 2,286 ሜትር ነው የሚል ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የተጻፈበትን መምረጥ፣ ካልሆነም እዚሁ ተለክቶ ሲታይ ብቻ መግዛት ይሻላል።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ የሚከብድ ነገር አለ። ሕመምተኛው ሲጨነቅ የቤተሰብ እጅ የሚሄደው ወደ ማዞሪያው ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ማዞሪያውን ከፍ ማድረግ ንጽሕናውን ዝቅ ማድረግ ነው። ተመልሶ በእውነተኛ ማሽን ላይ ያንኑ ልማድ መከተል ደግሞ ሌላ አደጋ ያመጣል፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከመጠን በላይ ኦክስጅን ሲወስዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ውስጥ ይጠራቀምባቸዋል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በኦክሲሜትር የሚታየው የደማቸው የኦክስጅን ልኬት ከ88 እስከ 92 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ማሽን ለወጣችሁ ማለት የታዘዘው መጠን ተለወጠ ማለት ስላልሆነ፣ ፍሰቱን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አታዙሩት።

ከአሜሪካ መጣ የሚባለው ያገለገለ ማሽንም ጥንቃቄ ይሻል። ጀርባው ላይ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ካለ፣ ነጋዴው ትራንስፎርመር ጨምሮ ይሸጥላችኋል፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በቀጥታ በዚያ የሚዞረው የማሽኑ ኮምፕሬሰር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ይሞቃል፤ ንጽሕናውም ይወርዳል። ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየው ቆጣሪ በፕላስተር ተሸፍኖ ካገኛችሁት ደግሞ ጨርሶ አትጠይቁ። በትከሻ የሚንጠለጠሉት ባትሪ ያላቸው ትንንሾቹ በአብዛኛው የሚሰጡት ትንፋሽ ሲሳብ ብቻ ስለሆነ፣ በላያቸው ያለው 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ሊትር አይደለም፤ ለመንገድ ሊረዱ ቢችሉም ለሌሊት እንቅልፍ ይበቁ እንደሆነ መወሰን የሐኪም ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የኦክስጅን ሲሊንደር በቤት መያዝ አይቀርም። በ150 ባር ግፊት የተሞላ 10 ሊትር ሲሊንደር ወደ 1,500 ሊትር ኦክስጅን ስለሚይዝ፣ በ2 ሊትር ፍሰት 12 ሰዓት ያህል ያደርሳል፤ ነጋዴው «ሁለት ቀን ይቆያል» ቢል ማካፈል ይበቃል። ለቡና የተቀጣጠለ ከሰልም ሆነ ጧፍ ኦክስጅን ባለበት ክፍል እንዳይገባ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስላችኋል» የሚለው አማራጭ እኛም ቀርቦልን ነበር፤ ደረሰኙን መያዛችን አሁን በእጃችን ያለው ብቸኛ ማስረጃ ሆኗል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ስለሚሰጥ፣ ማሽኑን በመጀመሪያው ሳምንት አስለኩት፤ ባለሙያው ያነበበውን ቁጥርም ከነፍሰቱ ጽፎ እንዲፈርምላችሁ አድርጉ። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ጥቆማ ይቀበላል።

የእኛ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። ያው ማሽን ሰሞኑን «ከ1 እስከ 9 ሊትር» በሚል አዲስ ጽሑፍ ለሽያጭ ቀርቦ ስላየሁት፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የመመሪያውን የመጨረሻ ገጽ ፎቶ አስልኩ።