ፈጣን ያልሆነ እርሳስ፦ ለልጄ የተሰጠው የዌክስለር ፈተና

የዘጠኝ ዓመት ልጄ የክፍል ሥራውን በሰዓቱ መጨረስ ስላቃተው፣ በምንኖርበት በሜሪላንድ ወደሚገኝ አንድ የሥነ ልቦና ምርመራ ክሊኒክ ወሰድኩት። የተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን አምስተኛውን የዌክስለር የልጆች የማሰብ ችሎታ መለኪያ ነው።

የፈታኟ ትዕግሥት የሚመሰገን ነው፤ ልጁ ሲደክመው ውሃ አጠጥታ አሳርፋዋለች። ቅሬታዬ በሪፖርቱ ላይ ነው። አማካዩ 100 በሆነበት መለኪያ በቃል ግንዛቤ 118፣ በምክንያታዊ አስተሳሰብ 115 ያመጣ ልጅ በፍጥነት 80 ስላገኘ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ተጨፍልቆ «አማካይ» ተብሎ ተጻፈ።

ፍጥነት ከሚለካባቸው ሁለት ዋና ንዑስ ፈተናዎች አንዱ፣ ከቁጥሮች ጋር የተጣመሩ ምልክቶችን በ120 ሰከንድ ውስጥ በእርሳስ መገልበጥ ነው። ፈታኟ እንደነገረችኝ ልጄ እያንዳንዷን መስመር ቀጥ አድርጎ ካልሳለ ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር። እንግዲህ የእጅ ዝግታ፣ ጥንቃቄ፣ ፍርሃትም ሆነ የአእምሮ ዝግታ በዚያ ወረቀት ላይ የሚተዉት ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ሊለያቸው አይችልም። (ቤታችን አማርኛ እንደሚነገር ደግሞ በሪፖርቱ የተጠቀሰው በግማሽ መስመር ብቻ ነው።)

የፍጥነትንና የሥራ ትውስታን (መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመጠቀም ችሎታን) ክፍሎች ትቶ ከአምስት ንዑስ ፈተናዎች የሚሰላ አጠቃላይ የችሎታ ውጤት እንዳለ ያወቅሁት ራሴ አንብቤ ነው። ስጠይቃቸው ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስልተው፣ ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ የተጨማሪ ሰዓት ምክረ ሐሳብ ጨምረው በሁለት ሳምንት ላኩልኝ። ለምርመራው ጥራት አራት ኮከብ፣ ለመጀመሪያው ሪፖርት ግን ሁለት ሰጥቻለሁ።