ተከላካይ ለመመዘን ምን ይገዛ? ደብተር፣ ቪዲዮ ወይስ ካሜራ

አጥቂ በጎሉ ይታወቃል፤ ተከላካይ ሲፈረም ግን ክርክሩ አያልቅም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ለክለባችሁ መለኪያ የምትገዙ ከሆነ፣ በዚህ ነገር ብዙ የደከሙትን የቤዝቦል ሰዎች ማየት ይጠቅማል። እኛ ጋ ጨዋታውን የሚከታተል ጥቂት ነው፤ ለዚህ ግን የሚመታውን ኳስ ሮጦ የሚይዝ ተከላካይ እንዳለ ማወቅ ይበቃል።

ርካሹ ደብተር ነው። የቤዝቦሉ ፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ ተጫዋቹ ካገኛቸው ኳሶች ስንቱን ሳያበላሽ እንደጨረሰ ይቆጥራል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያልደረሰበት ኳስ አይጻፍበትም። ቀርፋፋው አጠገቡ የመጣውን እየለቀመ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ ሮጦ ደርሶ ከእጁ ያመለጠው ፈጣን ልጅ ግን ስሕተት ይመዘገብበታል። በእግር ኳስም «ስንት ኳስ አስጣለ» የሚለው ቆጠራ ያው ነው። ቦታውን ቀድሞ የያዘ መሐል ተከላካይ ሸርተቴ መግባት አያስፈልገውም፤ በደብተሩ ላይ ሥራ የፈታ ይመስላል።

ሁለተኛው ቪዲዮ እያየ የሚመዘግብ ሰው ነው። ዲአርኤስ እና ዩዜድአር የሚባሉት መለኪያዎች ኳሱ የት፣ እንዴት እንደተመታ አይተው «ሌላ ተጫዋች ቢሆን ይይዘው ነበር ወይ?» ብለው ያሰላሉ። የኒው ዮርኩ ቤዝቦል ክለብ የያንኪስ ተጫዋች የነበረው ዴሪክ ጂተር ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት 5 ጊዜ ተሸልሟል፤ ድምፁን የሰጡት አሰልጣኞች ነበሩ። በዲአርኤስ ግን በእሱ ቦታ ከተጫወቱት መካከል ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ራሳቸው በአንድ ተጫዋች ላይ ሲጣሉ ይታያል፤ የአንድ ዓመት ውጤትም አይታመንም፣ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ለአንድ ዓመት ለምታስፈርሙት ልጅ ይህ ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛው ስታትካስት የሚባለው የመከታተያ ሥርዓት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ ሜዳዎች ሁሉ ኳሱንና ተጫዋቹን ይከታተላል። የመያዝ ዕድሉ 25 በመቶ የሆነ ኳስ ከያዘ 0.75 ይጨመርለታል፣ ካመለጠው 0.25 ይቀነስበታል። መድረስን በመለካት ከሁሉም ይበልጣል፤ ከሜዳው ጀርባ ርቆ የሚቆመው ተከላካይ ግን ክንዱ ምን ያህል እንደሚወረውር በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። በዚያ ላይ እኛ ኪስ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

እኔ ብሆን ለፍኖተ ሰላም ወይም ለዳንግላ ክለብ የምገዛው ጠንካራ የስልክ መቆሚያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተክላችሁ መላውን የኋላ መስመር ቅረጹ። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ስለሚከተል ተከላካዩ ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የት እንደቆመ አያሳይም፤ የምትገዙት ደግሞ ያንኑ አቋቋም ነው። መዝጋቢው ጨዋታ በመጣ ቁጥር አይቀያየር።

የጂፒኤስ ሰደርያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ይነግራል፤ አላስፈላጊ ሩጫም ቢሆን። ሻጩ ሰንጠረዡን ዘርግቶ ሲያስረዳችሁ «ያልደረሰበት ኳስ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላሳያችሁ ስለ ዋጋ አትከራከሩ።