ነጭ ሲንቴቲክ ቀለም በአሮጌ ቡፌ ላይ፤ ዳንቴሉ ሲነሳ

ነጭ የተቀባ ቡፌ ላይ ለወራት የከረመ ዳንቴል ሲነሳ ከሥሩ ሌላ ዳንቴል ይገኛል። ክሩ ያረፈበት ቢጫ፣ ቀዳዳው ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ግማሽ ክቦች ሳይቀሩ በልካቸው ታትመዋል። በሳሙና ቢታጠብ አይለቅም። በቲነር ቢታሽ ቀለሙ ራሱ ይነሳል እንጂ ቢጫው ብቻውን አይሄድም። የቡፌው በር ሲከፈት ደግሞ የባሰ አለ፤ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው የለጋ ቅቤ መልክ።

የምገመግመው ነጭ አብረቅራቂ ሲንቴቲክ ቀለም ነው። የተቀባው አሮጌ የዋንዛ ቡፌ ሲሆን ጀርባው ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ጣውላ) ነው። ጎንደር ውስጥ ክረምቱን ከርሟል፣ በጋውንም አጋምሷል። አልተላጠም፣ አልተሰነጠቀም፣ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል ግድ የለውም። ደህና ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አላሞግሰውም። ነጭ ተብሎ ተሽጦ ነጭ ሆኖ ያልቆየ ቀለም ስለ ጥንካሬው ቢወራለት ምን ይጠቅማል?

ሻጩ የሚለውን አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ የቡና ጭስ ነው። ዕጣኑ፣ ከሰሉ...» ወንድሜ፣ ጭስ ቢሆንማ ዳንቴሉ ይከላከለው ነበር፤ የተሸፈነው ነጭ ሆኖ የተጋለጠው በቆሸሸ። እዚህ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ጭስ ከላይ የሚያርፍ ቅባትና ጥቀርሻ ስለሆነ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና የተነከረ ጥጥ ያነሳዋል፣ ጥጡም ቡናማ ይሆናል። ቢጫ የሆነ ሲንቴቲክ ግን ጥጡን ንጹህ አድርጎ ይመልሰዋል። ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

ምክንያቱ ቀለሙ ውስጥ ነው። ሲንቴቲክ የምንለው የዘይት ቀለም ነው፤ ማያያዣው አልኪድ የሚባል፣ ከአትክልት ዘይት ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ሙጫ ነው። አደራረቁ እንደ ግድግዳ ቀለም ውሃው ተኖ የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል፣ ከዚያ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። ይህ ሥራ እጅ ላይ መለጠፉን ካቆመ በኋላም ለወራት ይቀጥላል፤ በመሐሉ ቢጫ ውህዶች ይፈጠራሉ። የቀን ብርሃን ያነጣቸዋል፣ ጨለማ ያከማቻቸዋል። የተልባ ዘይት የበዛበት ቀለም ይብሳል፣ በሶያ ዘይት የተሠራው ይሻላል። የትኛው እንደሆነ ግን ይህ ቆርቆሮ አይናገርም፤ የሚናገረው «እጅግ ነጭ» ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቢጫ የሆነውን በር ከማጠፊያው ፈትቶ መስኮት አጠገብ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙሮ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ማቆም። ቢጫው ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ሲዘጋበትም እንደገና ይጀምራል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ደግሞ ቢጫውን ያፋጥነዋልና እሱን ይዞ ቡፌው ላይ መውጣት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

እዚህ ከተማ ነገሩ የሚከፋው በቤቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ ያሉ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጠባብ ነው። መጋረጃው ተጨምሮበት ሳሎኑ ቀን ላይም ደብዛዛ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ ፀሐይ በወጉ አትታይም። ቡፌ የሚቆመውም ሁልጊዜ ከመስኮቱ ርቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው። ሰው ይህን ቀለም የሚገዛው ለጥምቀት እንግዳ ቤቱን ሊያሳምር በታኅሣሥ ነው፤ ጥር 11 ላይ በረዶ መስሎ የታየው ነጭ በቀጣዩ መስከረም ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ሱቁ በር ላይ ለናሙና የሰቀለው የተቀባ ጣውላ እኮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው!

ሁለተኛው የሽያጭ ቃል «ይሄ ፕራይመር አይፈልግም» የሚለው ነው፤ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የሥር ቅብ ማለቱ ነው። በአዲስ ብረት በር ላይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) አያስፈልግም እንደማለት ነው። አሮጌ የእንጨት ዕቃ ቫርኒሽ ለብሷል፣ የወለል ሰም ነክቶታል፣ እጀታው ዙሪያ የዓመታት የእጅ ቅባት አለ። አዲስ ቀለም የሚይዘው እንጨቱን ሳይሆን ይህን ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻው ሲለቅ አብሮ ይለቃል። ስለዚህ ከብርጭቆ ወረቀት በፊት እጥበት ይቀድማል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ፣ ሲደርቅ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካው ጨርቅ፣ ጨርቁን እየቀያየሩ። ቅባቱ ሳይወጣ መፈግፈግ ቅባቱን ወደ እንጨቱ ማስገባት ነው።

ቀጥሎ ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት፣ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ቫርኒሹን ሙሉ በሙሉ መግፈፍ አያስፈልግም፤ ብልጭታው ጠፍቶ ገጹ ደብዛዛ ከሆነ በቂ ነው። ከዚያ 220። የምስጥና የሚስማር ቀዳዳ በስቱኮ ይሞላል፣ ስቱኮው ሲደርቅ ስለሚሸሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞላና ይፈገፈጋል። ኮምፔንሳቶው ላይ ግን እጅ ይቅለል፤ የላዩ ልባስ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነውና በ120 ሲፈገፈግ ሳይታሰብ ሥሩ ያለው ሙጫ ብቅ ይላል።

ዕቃው ቀድሞ ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ በተለይ አሮጌ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ፣ በደረቁ አይፈገፈግ። የድሮ ቀለሞች እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። በኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 90) የገደበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ያጠራጥራል። ውሃ በማይፈራ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ፣ ልጆች በሌሉበት፣ አቧራውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ እየሰበሰቡ ይሠራ።

ፕራይመሩ አንድ እጅ ይበቃል። በቅርንጫፍ ጉጥ ላይ ሁለት እጅ፤ የእንጨቱ ቡናማ ፈሳሽ በነጭ ቀለም ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህ ነጠብጣብ በዳንቴሉ ሥር ካለው ቢጫ ይለያል፤ ቦታው የተወሰነ ነው፣ ብርሃንም አያነጣውም። ሁለቱን አቀላቅሎ «እንጨቱ ነው ያበላሸው» የሚል ሻጭ ሲገጥም በሩን ፈትቶ ማሳየት ነው።

ማቅጠኛው ላይ ሱቅ የሚሰጠውን ዝም ብሎ መቀበል አይገባም። «ቲነር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለመኪና ቀለም የሚውለው ኒትሮ ቲነር ነው። ኃይለኛ ስለሆነ ለሁለተኛ እጅ የተቀላቀለበት ቀለም የመጀመሪያውን ያስነሳዋል፣ ገጹም ይጨማደዳል። ለሲንቴቲክ የሚሆነው አኳራጅ ነው። ለመጀመሪያ እጅ ከቀለሙ አንድ አሥረኛ፣ ለሁለተኛው ከዚያ ያነሰ።

ቅቡ ሁልጊዜ ስስ ይሁን። ወፍራም ሲሆን ላዩ ይደርቅና ሥሩ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ ይሸበሸባል፤ በቁም ገጽ ላይ ደግሞ ወደ ታች ይፈስሳል። ክረምት ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ማለቅ አለበት፣ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት ነውና። ማታ ላይ የተቀባ የሌሊቱ እርጥበት ያገኘውና ብልጭታው ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ አውጥቶ መቀባትም ያው ጥፋት ነው፤ ላዩን ቶሎ ያቆርፈዋል። በበጋ በእጅ መካከል አንድ ሌሊት፣ በክረምት ሁለት። በመሐሉ 320 ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጎ ማለፍና አቧራውን መጥረግ።

በሮቹ ቢያንስ ለሳምንት ተፈትተው ይቆዩ። በጊዜ የተዘጋ በር ከክፈፉ ጋር ይጣበቃል፣ ሲከፈትም ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ቀለሙ በደንብ የሚጠነክረው ወር ገደማ ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ቴሌቪዥንም ሆነ ከባድ ዕቃ ቢቀመጥበት አሻራው ይቀራል። ያጸዱበትን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ መወርወር አይሆንም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

ጋሎን ግዙ የሚለውንም አልዘለውም። 160 ሳንቲም ርዝመት፣ 100 ከፍታ፣ 45 ጥልቀት ያለው ቡፌ ፊቱ፣ ላዩና ሁለቱ ጎኑ ሲደመር 3.2 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለት እጅ ሲቀባ 6.5 ካሬ አይሞላም። አንድ ሊትር ሲንቴቲክ በአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። የሊትር ቆርቆሮ ተርፎት ይቀራል፤ ጋሎኑ ግን ከተከፈተ በኋላ ላዩ ላይ ቆዳ እያበጀ የሚጣል ነው።

የጥድ ሣጥን ላለው አንድ ማሳሰቢያ፦ ውስጡን በዚህ ቀለም አትንኩት። ጥድ የራሱ ዘይት አለው፣ ያ ዘይት ሲንቴቲኩን በወጉ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሲለጠፍ ይኖራል፣ ልብስም ይበላሻል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ንዴቴ ሳይበርድ ከጠየቃችሁኝ፣ በነጭ ቀለምነቱ አይገዛም። ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቢሆን ይኸው ቀለም ምስጋና ያገኝ ነበር፤ ቢጫው በክሬም ውስጥ ማንም አያየውም። አንዳንድ ቀቢዎች ነጩ ላይ ጠብታ ሰማያዊ ይጨምራሉ። ሲቀባ የበለጠ ነጭ ያስመስለዋል፣ ቢጫው ሲመጣ ግን ከሰማያዊው ጋር ሆኖ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ነጭ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ለእንጨት የሚሆን በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ኢናሜል ይፈልግ፤ እሱ በጨለማ ቢጫ አይሆንም። ለግድግዳ የሚሸጠው ፕላስቲክ ቀለም ግን ምትክ አይሆንም። ለስላሳ ነው፣ በርና መሳቢያ ላይ ይጣበቃል፣ ሲወለወልም ይነሳል።

ነጭ ሲንቴቲኩን አስቀድሞ የቀባ ሰው ዳንቴሉን ያንሳ ወይም በየጊዜው ቦታ ያቀያይረው። የበሩን ጀርባና የመሳቢያውን ውስጥ ሳይቀባ ይተው፣ ዋንዛ ራሱ ያምራል። ከቆርቆሮው የተረፈው ለመስኮት ክፈፍና ለበረንዳ በርጩማ ይዋል፤ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ሻጩ ስለ ነጭነቱ ያለው ሁሉ እውነት ነው።