የግድግዳና የኮርኒስ መጋጠሚያ ጌጥ፦ የከፈልነውና ያገኘነው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳው ከኮርኒሱ በሚገናኝበት ዙሪያ የሚገጠመውን፣ እዚህ «ክራውን ሞልዲንግ» የሚባለውን ጌጥ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስት ክፍሎች አሠርተናል። (እኛ ኮርኒስ የምንለው ከላይ ያለውን ሽፋን በሙሉ ነው፤ በጣሊያንኛ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ይህንኑ የዳር ጌጥ ነው።) በሦስቱ ክፍሎች ሦስት ዓይነት ዕቃ ስለተጠቀምን፣ ተመሳሳይ ሥራ ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ዋጋውንና ውጤቱን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የተሠራው የመመገቢያ ክፍሉ 12 በ15 ፉት ስለሆነ ዙሪያው 54 ፉት ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ መሐሉ ላይ ሳይቀጠል በአንድ ወጥ ጣውላ እንዲሸፈን ባለ 16 ፉት አራት፣ በድምሩ 64 ፉት ገዛን። ኤምዲኤፉ (ከላመ የእንጨት ቃጫና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) በፉት 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ የፓይን እንጨቱ ደግሞ 3 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር፤ ስለዚህ አንደኛው 134 ዶላር ከ40፣ ሌላኛው 217 ዶላር ከ60 ይመጣል። እኛም ለ83 ዶላር ልዩነት ብዙ ተጨንቀን ኤምዲኤፉን መረጥን። ባለሙያው ለመግጠም ብቻ በፉት 9 ዶላር፣ ማለትም 486 ዶላር ሲያስከፍለን ግን ስለ አሠራሩ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅነውም። ቀለሙና የስንጥቅ መሙያው በዚህ ዋጋ ውስጥ አለመካተታቸውን ያወቅነው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

በኤምዲኤፉ አልተጸጸትኩም። ፊቱ ለስላሳ ነው፣ የእንጨት ዓይን የለበትም፣ የመጀመሪያ ቀለሙን ተቀብቶ ስለሚመጣም ቀለም ሲቀባ ያምራል። ሚስማር በገባበት ዙሪያ ትንሽ እብጠት ስለሚያወጣ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ሲቆረጥም በጣም የላመ አቧራ ስለሚለቅ ቆራጩ ውጭ ሆኖ ጥሩ ጭምብል ማድረግ አለበት። ውኃ ከነካው ያብጣል፣ ወደ ቀድሞ ቅርጹም አይመለስም።

ችግሩ የመጣው ከማዕዘኖቹ ነው። ባለሙያው ሁለቱን ጣውላዎች በየፊናቸው በሰያፍ ቆርጦ አገናኛቸውና የቀረውን ክፍተት በመሙያ ደፈነው። በሰኔ ወር ሲታይ እንከን አልነበረውም። ክረምት ገብቶ ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ግን በጥር ከአራቱ ማዕዘኖች ሦስቱ ሳንቲም እስኪያስገቡ ድረስ ተከፈቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጌጥ በአብዛኛው ከጂፕሰም ተሠርቶ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍና መጋጠሚያውም በዚያው በጂፕሰም ስለሚደፈን፣ እዚህም እንደዚያ ጸንቶ ይኖራል ብዬ ገምቼ ነበር። የእኛ ቤት ግን አጥንቱ እንጨት ነው፤ በበጋው እርጥበት ይሰፋል፣ በክረምቱ ድርቀት ይሸማቀቃል፤ ማዕዘኖቹም ትክክለኛ 90 ዲግሪ አይደሉም። በመሙያ ብቻ የተደበቀ ክፍተት ይህን አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት ሳሎኑን ያሠራነው በሌላ ባለሙያ ነው። ክፍሉ 13 በ15 ፉት፣ ዙሪያው 56 ፉት በመሆኑ የጣውላው ብዛት ያው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ፓይኑን ገዛን። በፉት 11 ዶላር፣ በድምሩ 616 ዶላር ጠየቀ። መጀመሪያ ተወደደብኝ፤ አሠራሩን ካየሁ በኋላ ግን ዋጋው ተገቢ መሆኑን አመንኩ። አንዱን ጣውላ ቀጥ አድርጎ እስከ ግድግዳው ጥግ ካስገባው በኋላ፣ የሌላኛውን ጫፍ በቀጭን የእጅ መጋዝ የመጀመሪያውን ቅርጽ ተከትሎ እየጠረበ ልክ በላዩ ላይ እንዲያርፍ አደረገው። እንጨቱ በትንሹ ሲሸማቀቅ እንኳ ክፍተቱ ከፊት ለፊት አይታይም። የኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨቶች ከግድግዳው ጎን ለጎን በሚሄዱበት በኩል ሚስማሩ የሚይዘው ነገር ስለሌለ፣ አስቀድሞ ሦስት ማዕዘን ያላቸው ደጋፊ እንጨቶች መታ፤ የመጀመሪያው ባለሙያ ይህንን አላደረገም። ፓይን ከኤምዲኤፍ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ቢሆንም፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አራቱም ማዕዘኖች እንደተዘጉ ናቸው።

5 በ8 ፉት ለሆነው መታጠቢያ ክፍል የመረጥነው ፖሊዩረቴን የተባለውን ከጠንካራ የፕላስቲክ አረፋ የሚሠራ ዕቃ ነው። ባለ 8 ፉቱን አራት በፉት 5 ዶላር ከ80 ገዝተን 185 ዶላር ከ60 ከፈልን። የአንዱ ፉት ዋጋ ከሁሉም የበለጠ ነው፤ ሆኖም እንፋሎት አይጎዳውም፣ በጣም ቀላል ስለሆነም በማጣበቂያና በጥቂት ሚስማር ይያዛል። ለትንሽና እርጥብ ክፍል ገንዘቡን ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ።

ቤታቸው እንደ እኛው ከ1978 በፊት የተሠራ ሰዎች አሮጌውን ቀለም ከመፋቃቸው በፊት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት እንደሌለበት ያስመርምሩ፤ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ዘንድሮ የመኝታ ክፍሉን ለማሠራት አስበናል። ክፍሉ ደረቅ ስለሆነና ነጭ ስለሚቀባ ዕቃው ርካሹ ኤምዲኤፍ ይሆናል፤ የሚገጥመው ግን ሁለተኛው ባለሙያ ነው።