ስትሪትሊ ኤሌክትሮኒክሶች እናመሰግናለን፦ ሜሎትሮን ላላችሁ ሁሉ ጥቆማ

ሜሎትሮን (ቴፕ ላይ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ኪቦርድ) ይዛችሁ «የሚነካልን ባለሙያ ጠፋ፣ ቴፑም አለቀ» ለምትሉ፣ የእንግሊዙን ስትሪትሊ ኤሌክትሮኒክስ ሳትጠይቁ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ይህን ምስጋና በአደባባይ የምንጽፈው ሥራቸው ስለሚገባው ነው። ብዙ ሰው ሜሎትሮንን የሳሎን ጌጥ አድርጎታል። እነሱ ግን ዛሬም አዲስ ድምፅ የሚጫንበት፣ ዕቃው የሚቀየርለት፣ መድረክ ላይ የሚወጣ መሣሪያ አድርገው ይዘውታል።

መሣሪያውን ለማያውቁት ባጭሩ፦ በሰፊው የተሸጠው ኤም 400 የሚባለው ሞዴል ሲሆን የወጣው በ1970 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። 35 ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ የሆነ አንድ ቁራጭ ቴፕ አለ። ቴፑ ወርዱ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ትራክ፣ ማለትም ሦስት የተለያየ ድምፅ፣ ጎን ለጎን ተቀድቶበታል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላሉ። ቁልፉን ስትጫኑ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ፓዱ (መጫኛው) ቴፑን ሄዱ (ድምፁን ከቴፕ የሚያነበው ክፍል) ላይ ይጫነዋል፣ የጎማ ሮለሩ ደግሞ ያለማቋረጥ ከሚሽከረከረው የብረት ዘንግ ጋር ያጣብቀዋል። ቴፑ ይሳባል፣ ድምፁ ይወጣል። ስትለቁት ሞላው ወደ መነሻው ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ኖታ ስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያ ዝም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ረጅም ኮርድ ሲይዙ ጣቶቻቸውን ተራ በተራ እያነሱ እንደገና የሚጫኑት፦ አንዱ ቴፕ ሲመለስ ሌሎቹ ድምፁን ይዘው ይቆያሉ።

ስትሪትሊን ከሌላው የሚለየው የዘር ሐረጉ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካዊው ሃሪ ቻምበርሊን ነበር። ሻጩ ቢል ፍራንሰን በ1962 ሁለት የቻምበርሊን ኪቦርዶች ይዞ እንግሊዝ ገባ። የሚፈልገው አንድ ዓይነት የሆኑ 70 የቴፕ ሄዶች የሚሠራለት ነበር፤ ያገኘውም በርሚንግሃም ያሉትን የብራድሌይ ወንድማማቾች፣ ፍራንክን፣ ኖርማንንና ሌስሊን ነው። የመጀመሪያው ሜሎትሮን በ1963 ወጣ። ፋብሪካው በ1986 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሌስሊ ልጅ ጆን ብራድሌይ ከማርቲን ስሚዝ ጋር ሆኖ ስሙንም ሥራውንም አነሣው። ስለዚህ ስለ አንድ ብሎን ስትጠይቁ የምትጠይቁት መሣሪያውን የወለደውን ቤት ነው።

አሁን ወደ ቴፑ። የድሮ ቴፕ ሁለት በሽታ አለው፦ ሽፋኑ እየተፈረፈረ ሄዱን ያቆሽሻል፣ ጠርዙም ተጣጥፎ ፓዱ እኩል አይጫነውም። የመጀመሪያው ምልክት ቀጭኑ ድምፅ መጥፋቱ ነው፤ ቫዮሊኑ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል። ርካሽ መፍትሔ ፈልገው ከሌላ ሰው አሮጌ ፍሬም (35ቱ ቴፖች የተደረደሩበት ተነቃይ ክፍል) የሚያስገለብጡ አሉ። አይመከርም። ቴፕ ከቴፕ በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ላዩ ይደበዝዛል፣ ያኛው ማሽን ሲንቀጠቀጥ የነበረውም መንቀጥቀጥ ለዘላለም ተቀድቶ ይቀራል። ስትሪትሊዎች ከድምፅ ዝርዝራቸው የመረጣችሁትን ሦስት ድምፅ በአዲስ ቴፕ ያዘጋጃሉ።

ሦስቱን ስትመርጡ ቅደም ተከተሉን አደራ። ኤም 400 ላይ የድምፅ መምረጫው የሚያደርገው ሄዶቹን ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። መሀል ላይ ካቆማችሁት ኤ እና ቢ አብረው ይሰማሉ፣ ወይም ቢ እና ሲ። ኤ እና ሲ ግን በምንም መንገድ አይገናኙም። ስለዚህ ከሁለቱም ጋር ሊደባለቅ የምትፈልጉት ድምፅ ቢ ላይ ይግባ። ቫዮሊን፣ ዘማሪ ድምፅ እና ዋሽንት መሰሉ ፍሉት ከሆኑ የኛ ምክር ዘማሪውን መሀል ማድረግ ነው፤ ከቫዮሊኑም ከፍሉቱም ጋር ይሄዳል። ሌላው፦ ጎረቤት ትራክ ትንሽ ያፈስሳል። ኃይለኛ ጥሩምባ ለስላሳ ፍሉት አጠገብ ከተቀመጠ፣ ፍሉቱ ብቻውን ሲጫወት ጥሩምባው ከሩቅ ይሰማል። ሄዱ በትክክል ካልተስተካከለ ደግሞ ይብሳል። ጮክ የሚሉትን ከጮኹት፣ ለስላሳውን ከለስላሳው ጋር አስቀምጡ።

የራሳችሁን ድምፅ ማስቀዳት ለምታስቡ፣ መሣሪያውን ለኛ ሙዚቃ ልዩ የሚያደርገው ነገር እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቴፕ ስላለው 35ቱም ኖታዎች በፒያኖ ስሌት እኩል መከፋፈል የለባቸውም። አንቺሆዬን ድምፃዊው በሚዘፍንበት ልክ፣ ግማሽ ድምፁ ሳይደፈጠጥ፣ ቁልፍ በቁልፍ መቅዳት ይቻላል። ይህን ተራ ኪቦርድ ላይ ለማግኘት ስንት መቆነጣጠር እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። ማስጠንቀቂያው ይኸው፦ በዚያው ፍሬም ሌላ ትራክ ላይ የፈረንጅ ቫዮሊን ካለ፣ ሁለቱን ስትደባልቁ ይጋጫሉ። ለቅኝት የተዘጋጀ ፍሬም ሦስቱም ትራክ በአንድ ቅኝት ይሁን።

የኤም 400 የድምፅ ክልል ከታችኛው ጂ (98 ኸርዝ ገደማ) እስከ ላይኛው ኤፍ (698 ኸርዝ ገደማ) ነው። ዋሽንት ታችኛውን ክፍል አይደርስበትም፤ አንድ ዋሽንትም ሁሉንም ኖታ አያወጣም፤ ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ዋሽንቶች ያሉት ነፊ ያስፈልጋል። የማይደረስባቸውን ኖታዎች ከቅርቡ ኖታ ፍጥነት በመቀነስ ማውጣት ይቻላል። አንድ ሁለት ቁልፍ ድረስ ጆሮ አያውቀውም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የትንፋሹ አነሣስ ይንዛዛል፣ ነገሩ ሰው ሠራሽ መሆኑ ያስታውቃል። ማሲንቆ ለዚህ ማሽን የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፦ ስምንት ሰከንድ ሙሉ ይዘልቃል፣ የፈረስ ጭራው ክር ሲፋቅ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅም በቴፕ ላይ ያምራል። ክራር በተቃራኒው ተመትቶ ወዲያው ይሞታል፤ የቀረው ቴፕ ባዶ ይሄዳል። መቅዳት አይቻልም ማለት አይደለም፣ ግን ቴፑ የሚሰጣችሁን ጥቅም አትጠቀሙበትም።

ቀረጻው ላይ የሚበላሹት ሁልጊዜ እነዚያው ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱን ኖታ አሥር ሰከንድ ያህል ቅዱ፣ በኋላ ይቆረጣል። ክፍሉ የማያስተጋባ ይሁን፤ ምክንያቱም ቁልፉ ሲለቀቅ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ የገደል ማሚቶ ያለበት ቀረጻ ደግሞ ሲቆረጥ ጉድለቱ ይጋለጣል። ማስተጋቢያውን ከማሽኑ በኋላ ጨምሩት። ማይክሮፎኑ ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ከቦታው አይነቃነቅ። ከድምፁ መነሻ በፊት ያለው ባዶ ቦታ በሁሉም ላይ እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ኮርድ ስትጫኑ ኖታዎቹ ተንጠባጥበው ይገባሉ። በመጠን ደግሞ ሜትሩን ብቻ አትመኑ፦ የላይኞቹ ኖታዎች ሜትሩ ላይ እኩል ሆነው ለጆሮ ይጮኻሉ፣ በጆሮ አስተካክሏቸው። ፋይሉን 24 ቢት ዌቭ አድርጋችሁ በኖታ ስምና በተራ ቁጥር ሰይሙት። የነፊውን ወይም የማሲንቆ ተጫዋቹን ፈቃድና ክፍያ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ይህ ቴፕ ለብዙ ዓመት የሚጫወት የሰው ትንፋሽ ነው።

ስለ ማሻሻያ ከተነሣ ትልቁ ጉዳይ ሞተሩ ነው። ቀደም ባሉት ኤም 400ዎች ላይ ያለው ሲኤምሲ 10 የሚባለው የሞተር መቆጣጠሪያ ካርድ ሸክም ሲበዛበት ይደክማል፦ አንድ ቁልፍ ደህና ነው፣ ስድስት ቁልፍ ሲጫኑ ሙሉው ኮርድ ወደ ታች ይሰምጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ሮለር ዘንጉን ይጎትታል፣ ካርዱ ደግሞ የጠፋውን ፍጥነት ቶሎ አይመልስም። በኋላ የመጣው ኤስኤምኤስ 2 በዚህ በጣም ይሻላል። ካርድ ከማስቀየራችሁ በፊት ግን ሮለሮቹን እዩ፤ ቁልፎቹ ከልክ በላይ ጠብቀው ከሆነ የትኛውም ካርድ አያድናችሁም።

ጥፋቱን ለይታችሁ ብትጽፉላቸው የእናንተም የእነሱም ጊዜ ይተርፋል። አንድ ኖታ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዚያ ቁልፍ ሮለር፣ ፓድ ወይም ቴፕ ነው። ሁሉም አብረው ከተንቀጠቀጡ ሞተሩ፣ ቀበቶው ወይም ካርዱ ነው። አንድ ትራክ በሁሉም ቁልፍ ላይ ከደከመ የሄዱ አቀማመጥ ተዛብቷል። ኖታው መነሻው ተቆርጦ ከመሀል ከጀመረና ከስምንት ሰከንድ በፊት ካለቀ፣ ቴፑ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ማለት ነው፤ ሞላውን፣ የተጠማዘዘ ቴፕን ወይም ቆሻሻን ፈልጉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ማስተካከያ ብሎን አለ፣ አንዱ ለፓዱ፣ አንዱ ለሮለሩ። ፓዱ በጣም ከጠበቀ ቴፑ ይጎተትና ድምፁ ይወርዳል፤ ከላላ ድምፁ ይሳሳል። ሮለሩ ከላላ ቴፑ ይንሸራተታል። ካቻቢቴ ይዛችሁ 35ቱንም በአንድ ቀን ከመነካካት ይልቅ አንድ ቁልፍ ሩብ ዙር አስተካክሉና ከጎረቤቱ ጋር አወዳድሩ።

ጽዳቱን ማንም ቤቱ ይሠራዋል። ሄዱንና የብረት ዘንጉን በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ ጎማውን ሮለር ግን በአልኮል አትንኩት፣ ይደርቃል። ፍሬም ስትቀይሩ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፣ ክዳኑን አንሡ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን ፈትታችሁ ለብቻው አስቀምጡ፣ ከዚያ ፍሬሙን በሁለት እጅ ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ካዘነበላችሁት ቴፖቹ ተጠማዝዘው ይቆላለፋሉ፣ መፍታቱም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ማሽኑ 55 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ብቻችሁን አታንሡት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ ከእንግሊዝ የሚመጣ ማሽን ትራንስፎርመሩ መታየት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ግን ቮልቴጁ ቅርብ ነው፣ ችግሩ የመብራቱ መዋዠቅ ስለሆነ ማረጋጊያ አስቀድሙለት።

አዲስ መግዛት የምትፈልጉ ስሞቹን አታምታቱ። ስትሪትሊ በ2007 ያወጣው ኤም 4000 በቴፕ የሚሠራ ነው፤ በአንድ ሣጥን 24 ድምፅ ይይዛል፣ ቴፑ እየተጠቀለለ ወደሚፈለገው ቦታ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ «ዲ» ያለበት ኤም 4000 ዲ ግን የስዊድን ሥራ ነው፣ ዲጂታል ነው፣ ቴፕ የለውም። ሁለቱም ለየራሳቸው ደህና ናቸው፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ፊደሏን አይታችሁ ክፈሉ። በጀቱም ቦታውም ለሌላችሁ፣ ጂፎርስ የሚባለው ድርጅት ኤም ትሮን ፕሮ ለሚለው የኮምፒውተር ፕሮግራሙ የስትሪትሊን ቴፖች በተከታታይ አውጥቷል፤ ለቤት ስቱዲዮ ይበቃል።

ስትጽፉላቸው የሞዴሉን ስምና ከሣጥኑ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር፣ የሞተር ካርዱን ዓይነት፣ የምትፈልጉትን ሦስት ድምፅ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብላችሁ በተራ፣ ያላችሁበትን አገርና ቮልቴጁን አስገቡ። ጥፋት ካለ ስልካችሁን ሄዱ አጠገብ አድርጋችሁ መጀመሪያ አንድ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ስድስት ቁልፍ ተጭናችሁ ቅዱና አያይዙ። ማሽኑን ሙሉ ከመላካችሁ በፊት ፍሬሙን ብቻ መላክ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ፤ የማጓጓዣ ዋጋው በብዙ ይለያያል። ፍሬሙ የሚላከው ቆሞ፣ በራሱ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ፣ ቴፖቹ እንዳይወዛወዙ ተደግፈው፣ ከላይ በየትኛው በኩል እንደሚቆም በትልቁ ተጽፎበት ነው።